ስምጥ ሸለቆው ሲከፈት ኮዬ ፈጬ ለምን ይንቀጠቀጣል?

በ2017 ዓ.ም ታህሳስና ጥር ላይ የመሬት መንቀጥቀጡ ሲደጋገም ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ገላን አካባቢ ያለን ሰዎች ስልካችን ላይ ያልደረሰን ወሬ አልነበረም። ግድብ ነው ያለ አለ፣ የቦምብ ሙከራ ነው ያለ አለ፣ ቁጣ ነው ያለም አለ፣ ትምህርት ቤት የተማረው ሰው ደግሞ ባብዛኛው የያዘው "ሁለት ፕሌት ተጋጭቶ ነው" የሚለውን ነው። ይሄኛው ከሌሎቹ ይሻላል፣ ፕሌት የሚለው ልክ ነው፣ ተጋጨ የሚለው ግን ልክ አደለም። እኛ ጋ የሚጋጭ ነገር የለም፣ እየተለያየ ነው ያለው። ልዩነቱ የፈተና ጥያቄ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ምን ያህል ትልቅ መንቀጥቀጥ ሊመጣ እንደሚችል፣ ለምን ሳምንታት ሙሉ እንደሚደጋገም፣ መንቀጥቀጡ ከተነሳበት ከአዋሽ ፈንታሌ ከ100 ኪሎሜትር በላይ ርቀን ተቀምጠን ለምን አራተኛ ፎቅ ላይ አምፖሉ እንደሚወዛወዝ፣ ሁሉም የሚመጣው ከዚህ ነው፣ ይሄ ካልገባን ደግሞ የምንፈራው ሌላ ልንጠነቀቅለት የሚገባው ሌላ ሆኖ ይቀራል።

ከመጀመሪያው እንነሳ። የምድር የላይኛው ጠንካራ ክፍል፣ ማለትም ቅርፊቱና ከስሩ ያለው ወፍራም የድንጋይ ክፍል፣ ማንትል የሚባለው፣ ቀዝቀዝ ያለው የላይኛው ክፍሉ ተደምሮ፣ በአማካይ ወደ 100 ኪሎሜትር ይወፍራል፣ ውቅያኖስ ስር ይሳሳል፣ ያረጁ አህጉሮች ስር ደግሞ ከዛም በላይ ይወፍራል። ይሄ ክፍል ወጥ አደለም፣ ሰባት ትልልቅና ብዙ ትናንሽ ቁራጮች ሆኖ ነው የተቀመጠው፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ፕሌት ይባላል። እኛ ያለንበት የአፍሪካ ፕሌት ራሱ ለሁለት እየተከፈለ ስለሆነ ባለሙያዎቹ የምዕራቡን ኑቢያ የምስራቁን ሶማሊያ ብለው ለይተው ነው የሚጠሩት። አዲስ አበባ ኑቢያ ላይ ናት፣ ያውም ጠርዙ ላይ፣ ባሌና ሐረር ደግሞ ሶማሊያ ፕሌት ላይ ናቸው። በሁለቱ መሀል ያለው ርቀት በየዓመቱ ከ5 እስከ 6 ሚሊሜትር ገደማ ይጨምራል፣ ይሄ በጂፒኤስ ተለክቶ የሚታወቅ ነገር ነው።

ቪዲዮዎች ላይ ብዙ ጊዜ ፕሌቶቹ ቀልጦ በሚንተከተክ እሳት ላይ ሲንሳፈፉ ያሳያሉ፣ እሱም ልክ አደለም። ማንትል ጠጣር ድንጋይ ነው። እንዴት ታወቀ ካላችሁ፣ መሬት ሲንቀጠቀጥ ከሚነሱት ሞገዶች አንዱ፣ ኤስ ሞገድ የሚባለው፣ ፈሳሽ ውስጥ ማለፍ አይችልም፣ ማንትልን ግን አቋርጦ ያልፋል። ድንጋይ ይሁን እንጂ በጣም የጋለ ስለሆነ በሚሊዮን ዓመታት ሲታይ ቀስ እያለ ይፈሳል። ቀልጦ ማግማ የሚሆነው የተወሰነ ቦታ ብቻ ነው፣ ወይ ከላይ ያለው ጫና ሲቀልለት ወይ ደግሞ ውሃ ሲገባበት። ይቺን ያዟት፣ ወደ እኛ ስምጥ ሸለቆ ስንመጣ ትፈለጋለች።

የሚያንቀሳቅሳቸው ምንድነው የሚለው ድሮ ትልቅ ክርክር ነበረው፣ አልፍሬድ ቬግነር የሚባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1912 አህጉሮች ይንቀሳቀሳሉ ብሎ ሲነሳ ብዙዎቹ ያልተቀበሉት የሚገፋቸውን ጉልበት ማሳየት ስላልቻለ ነው፣ ጠንካራው ማስረጃ የመጣው ከ50 ዓመት በኋላ ከውቅያኖስ ወለል ላይ ነው። ዛሬ ዋናው ጉልበት ተብሎ የሚታሰበው የፕሌቱ የራሱ ክብደት ነው። የውቅያኖስ ወለል እያረጀ ሲሄድ ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝ ይከብዳል፣ መጨረሻ ላይ ጠርዙ ጎብጦ ወደ ማንትል ይሰምጣል፣ የሰመጠው ጫፍ ደግሞ የቀረውን ይጎትተዋል፣ ጋቢ ከአልጋ ጫፍ ሲንጠለጠል የወረደው ያልወረደውን ስቦ እንደሚያወርደው ማለት ነው። የፓስፊክ ፕሌት በዓመት 7 እና ከዚያ በላይ ሴንቲሜትር የሚሄደው በምዕራብና በሰሜን ጠርዙ እየሰመጠ ስለሆነ ነው።

አፍሪካ ግን እንደዛ አጥብቆ የሚጎትታት ነገር የላትም ማለት ይቻላል፣ ዙሪያዋን የከበቧት ባብዛኛው የሚከፈቱ የውቅያኖስ ድንበሮች ናቸው። ታዲያ ለምን ትሰነጠቃለች? ከጥልቁ ማንትል እየወጣ ያለ የጋለ ድንጋይ ምስራቅ አፍሪካን ከስር አሙቆ ከፍ አድርጓታል፣ ከፍ ያለ መሬት ደግሞ በራሱ ክብደት ወደ ጎን መዘርጋት ይፈልጋል። የሰሜን ተራሮችን ጨምሮ የደጋው ትልቁ ክፍል ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ ጀምሮ እየተደራረበ የፈሰሰ የላቫ ክምር ነው፣ ቦታ ቦታ ላይ ውፍረቱ 2 ኪሎሜትር ይደርሳል። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉትም ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። በዛው ዘመን ገደማ ነው ቀይ ባህርና የኤደን ባህረ ሰላጤ መከፈት የጀመሩት፣ አረቢያም ከእኛ መገንጠል የጀመረችው ያኔ ነው።

አሁን ስለ ድንበሮቹ። መጽሐፍ ላይ ሦስት ዓይነት የፕሌት ድንበር አለ ይባላል፣ የሚለያይ፣ የሚጋጭ፣ እና ጎን ለጎን የሚንሸራተት። ሦስቱንም ለማየት ካሊፎርኒያና ጃፓን መሄድ አያስፈልግም፣ ጎረቤታችንን አረቢያን ዙሪያዋን ማየት ይበቃል፣ አንድ ፕሌት ሆና ሁሉንም ይዛለች።

በእኛ በኩል፣ በቀይ ባህርና በኤደን በኩል፣ እየተለያየች ነው፣ ፍጥነቱም እንደየቦታው በዓመት ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። በምዕራብ በኩል ከአቃባ ባህረ ሰላጤ ተነስቶ በሙት ባህርና በዮርዳኖስ ሸለቆ አድርጎ ወደ ሰሜን የሚሄድ ረጅም ስንጥቅ አለ፣ እዛ ላይ አይለያይም አይጋጭም፣ ሁለቱ ጎኖች ጎን ለጎን ይንሸራተታሉ። ከጥንት ጀምሮ እስካሁን የተንሸራተተው ሲደመር 100 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ እና በመጽሐፍ ቅዱስ የምናውቃቸው ቦታዎች፣ ኢያሪኮን ጨምሮ፣ በታሪክ ውስጥ ተደጋግመው የተንቀጠቀጡት በዚህ ምክንያት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1927 የደረሰው እንኳ ብዙ ሰው ገድሏል። በሰሜን ምስራቅ ደግሞ አረቢያ አውሮፓንና እስያን ከያዘው ከዩሬዥያ ፕሌት ጋር ተላትማለች፣ የኢራን የዛግሮስ ተራሮች የዚህ ግጭት ውጤት ናቸው፣ ሁለቱም አህጉር ስለሆኑ አንዱ በቀላሉ ሊሰምጥ አይችልም፣ ስለዚህ ይታጠፋል፣ ይወፍራል፣ ከፍ ይላል። ከዛ ትንሽ ወደ ምስራቅ፣ ማክራን በሚባለው የኢራንና የፓኪስታን ባህር ዳርቻ፣ የአረቢያ የውቅያኖስ ወለል ክፍል ኢራን ስር ገብቶ ይሰምጣል፣ እ.ኤ.አ. በ1945 እዛ በማግኒቲዩድ፣ ማለትም በመንቀጥቀጥ መጠን መለኪያ፣ 8.1 የደረሰ መንቀጥቀጥና ሱናሚ ተነስቷል።

የቀረው የሰሜን ምዕራቡ ጥግ ነው፣ ቱርክ። አረቢያ ወደ ሰሜን ስትገፋ የቱርክን መሬት ወደ ምዕራብ ታሾልከዋለች፣ የሚሾልክበት ስንጥቅ ላይ ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም የደረሰው 7.8 ማግኒቲዩድ መንቀጥቀጥ በቱርክና በሶሪያ ከ50 ሺህ በላይ ሰው ገደለ። ያን ጊዜ ቲቪ ላይ እያየን ስናዝን ብዙዎቻችን ያላወቅነው ነገር፣ ቱርክን የገፋው ፕሌት በጅራቱ በኩል ከአፋር እየተገነጠለ ያለው ያው ፕሌት መሆኑን ነው። እኛ የመገንጠሉ በኩል ነን፣ እነሱ የመገፋቱ በኩል። ለምን እነሱ ጋ 7.8 ሲመጣ እኛ ጋ ብዙውን ጊዜ 5 እና 6 ላይ እንደሚቆም መልሱ ያለው እዚህ ልዩነት ውስጥ ነው።

የመንቀጥቀጥ መጠን ባብዛኛው የሚወሰነው አንዴ የተሰበረው የድንጋይ ገጽ ስፋት ምን ያህል ነው በሚለው ነው። ፕሌት ሌላ ፕሌት ስር ሲሰምጥ የሚነካኩበት ገጽ በጣም ሰፊ ነው፣ በታህሳስ 1997 ዓ.ም የሱማትራው ሱናሚ ሲነሳ የተሰበረው ከ1,200 ኪሎሜትር በላይ ርዝመት ነበረው፣ መጠኑም 9.1 ነበር። የሚለያይ ድንበር ላይ ግን መሬቱ ተለጥጦ የሳሳ ነው፣ ከስር ደግሞ ማግማ ስለሚያሞቀው የጋለ ነው፣ የጋለ ድንጋይ ይለጠጣል እንጂ ተሰብሮ አይንቀጠቀጥም፣ ስለዚህ የሚሰበረው የላይኛው ጥቂት ኪሎሜትር ነው፣ ስንጥቆቹም አጫጭርና የተቆራረጡ ናቸው። ለ6 ማግኒቲዩድ 10 ኪሎሜትር በ10 ኪሎሜትር ገደማ የሆነ ገጽ ይበቃል። ማግኒቲዩድ በ1 ሲጨምር ጉልበቱ በ32 እጥፍ ገደማ ስለሚጨምር በ6 እና በ9 መሀል ያለው ልዩነት ከ30 ሺህ እጥፍ በላይ ነው። አዲስ አበባን እንደ ጃፓን 9 ይመታታል እያሉ ሰው የሚያስደነግጡ ሰዎች ይሄን ቢያውቁ ጥሩ ነበር።

እኛ ጋ ሌላም ነገር አለ። መለያየቱን የሚሰራው ስንጥቁ ብቻ አደለም፣ ማግማውም ነው። ሁለቱ ፕሌቶች ሲለያዩ ከስር ያለው የጋለ ማንትል ወደ ላይ ይወጣል፣ ሲወጣ ጫናው ይቀልለታል፣ ጫናው ሲቀልለት ይቀልጣል፣ የቀለጠው ደግሞ በእሳተ ገሞራዎቹ ስር ይጠራቀማል። መሬቱ ዓመታት ሙሉ ይለጠጣል ይለጠጣል፣ አንድ ቀን ማግማው ቀጥ ያለ ቀጭን ስንጥቅ ከፍቶ ወደ ጎን ይሮጣል፣ ዳይክ ይሉታል፣ ስፋቱ ጥቂት ሜትር ቁመቱ ግን ብዙ ኪሎሜትር ነው። እየሮጠ ሲሄድ ከፊቱና ከላዩ ያለውን ድንጋይ ይሰብራል፣ እያንዳንዱ ስብራት አንድ መንቀጥቀጥ ነው፣ ለዛ ነው አንድ ትልቅ መጥቶ ትንንሾቹ እየቀነሱ እንደመሄድ መቶዎቹ ተደባልቀው ለሳምንታት የሚመጡት።

ይሄ ሁሉ በደንብ የታየው አፋር ውስጥ ነው፣ በመስከረም 1998 ዓ.ም ዳባሁ የሚባለው እሳተ ገሞራ አካባቢ። ወደ 60 ኪሎሜትር የሚረዝም ዳይክ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ገባ፣ መሬቱ ቦታ ቦታ ላይ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። እዛ ያለው የመለያየት ፍጥነት በዓመት 2 ሴንቲሜትር እንኳ ስለማይሞላ 8 ሜትር ማለት ከ400 ዓመት በላይ የተጠራቀመ መለጠጥ ባንዴ መለቀቁ ነው። በዛ አላበቃም፣ ከዛ በኋላ ባሉት አምስት ዓመታት እዛው ቦታ 13 ትናንሽ ዳይኮች ተከታትለው ገቡ። ከዛ በፊት ምድር ላይ እንዲህ ሲከፈት በሳተላይት ተለክቶ የታየ አህጉር አልነበረም፣ የዓለም ተመራማሪዎች ሁሉ ወደ አፋር የጎረፉት ለዛ ነው።

ወደ እኛ ስንቀርብ፣ ከቱሉ ዲምቱ የክፍያ መንገዱን ይዛችሁ ወደ አዳማ ስትወርዱ እየወረዳችሁ ያላችሁት የስምጥ ሸለቆውን የምዕራብ ጠርዝ ነው፣ እንጦጦ አናት 3,200 ሜትር ገደማ ነው፣ አዳማ 1,600 ገደማ። በግራ የሚታየው የረር፣ በቀኝ በኩል ራቅ ብሎ የሚታየው ዝቋላ፣ ወደ ኋላ ደግሞ ፉሪና ወጨጫ፣ ሁሉም የድሮ እሳተ ገሞራዎች ናቸው። የቢሾፍቱ ሐይቆች የተፈጠሩት ማግማ ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ሲገናኝ ፈንድቶ በከፈታቸው ጉድጓዶች ነው፣ ሆራም ባቦጋያም እንደዛ ነው። ኮዬ ፈጬና ቱሉ ዲምቱ መንገድ ላይ የሚደፋው ቀይ አሽ፣ ብሎኬት የሚመታበት ፑሚስ፣ ሁሉም ከዚሁ ነው የመጣው። ከተማዋ ውስጥ ፍልውሃ የሚወጣው ውሃ ራሱ በስንጥቅ በኩል ሽቅብ የሚመጣ ነው። የምንኖረው ጠርዙ ላይ ነው ስል ይሄን ሁሉ ማለቴ ነው።

መጀመሪያ መለያየቱን የሚሸከሙት የዳርና የዳር ገደሎች ነበሩ፣ የአንኮበር ገደል፣ የአርሲ ገደል። ካለፉት 2 ሚሊዮን ዓመታት ወዲህ ግን ስራው ባብዛኛው ወደ ሸለቆው ወለል መሀል ገብቷል፣ የወንጂ የስንጥቅ ቀበቶ ወደሚባለው፣ ፈንታሌ፣ ኮኔ፣ ቦሰት፣ ገደምሳ፣ አሉቶ እየተባለ እሳተ ገሞራዎቹ የተሰለፉበት። ይሄ ለአዲስ አበባ ጥሩ ዜና ነው፣ የሚሰበረው ነገር ባብዛኛው ከስራችን ሳይሆን ከእኛ ራቅ ብሎ ነው ያለው።

የ2017ቱ ታሪክም እዛ ቀበቶ ላይ ነው፣ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መሀል። መስከረም 2017 ዓ.ም አካባቢ ጀመረ፣ ታህሳስ ላይ እጅግ በረታ፣ ታህሳስ 25 ዶፈን ላይ እንፋሎትና ጭቃ ከመሬት እየተተፋ ወጣ፣ በማግስቱ ታህሳስ 26 ሌሊት 5.8 አካባቢ የሆነ መንቀጥቀጥ ብዙ የአዲስ አበባ ሰው ከእንቅልፉ አነቃ፣ የካቲት 7 ማታ ደግሞ 6.0 መጣ። በሳተላይት ሲታይ መሬቱ በሁለቱም ጎን ሲከፈትና መሀሉ ሲሰምጥ ታይቷል፣ ዳይክ ገብቷል ማለት ነው። መንግስት ወደ 80 ሺህ ሰው ከአፋርና ከኦሮሚያ ለማንሳት ተነሳ፣ ቤት ፈረሰ፣ መንገድ ተሰነጠቀ፣ የከሰም ግድብ ጉዳይ ብዙ ሰው አስጨነቀ። እኛ እዚህ ከፎቅ ወደ ደረጃ ስንሮጥ የነሱ ቤት ግድግዳው ወድቆ ውጪ በብርድ ነበር የሚያድሩት፣ ይሄን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። በ2018 ዓ.ም ህዳር 14 ደግሞ በዛው በአፋር ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ፣ በታወቀ ታሪኩ እንዲህ ፈንድቶ የማያውቅ ተራራ ነው፣ አመዱ የመንን አቋርጦ ሕንድ ድረስ ደረሰ። ሃይሊ ጉቢ ከፈንታሌ በጣም ሩቅ ነው፣ አንዱ ሌላውን ቀሰቀሰው ማለት አደለም፣ ግን ሁለቱም የሚለያይ ድንበር ላይ ያሉ ናቸው።

"እንግዲያው 6 ከሆነ ትልቁ አንፈራም" እንዳይባል። በነሐሴ 1898 ዓ.ም፣ ዳግማዊ ምኒልክ በነበሩ ጊዜ፣ ከአዲስ አበባ ደቡብ ስምጥ ሸለቆው ውስጥ ከ6.5 በላይ እንደሆነ የሚገመት መንቀጥቀጥ ደርሶ ከተማዋን በደንብ ነቅንቋል። በግንቦት 1953 ዓ.ም በደሴ መንገድ ላይ ባለችው ካራ ቆሬ አካባቢ (አዲስ አበባ ውስጥ ያለው ካራ ቆሬ አደለም) የተነሳው ከ6 በላይ የሆነ መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፈረሰ፣ የደሴ መንገድን ሰነጠቀ፣ አዲስ አበባ ድረስም ተሰማ። መጋቢት 1961 ዓ.ም አፋር ውስጥ ሰርዶ ሙሉ በሙሉ ወደመች፣ ሰዎችም ሞቱ። ካራ ቆሬ የሆነው መሀሉ ላይ ሳይሆን በምዕራቡ ገደል በኩል ነው፣ ስለዚህ የዳሩ ገደል ስራ ቀንሷል እንጂ ጨርሶ አልተኛም። በ1898 ከተማዋ ጎጆና ድንኳን የበዛባት ነበረች፣ በ1953ም ፎቁ በጣት የሚቆጠር ነበር። ዛሬ ያው መጠን ያለው መንቀጥቀጥ ቢመጣ የሚያገኘው ከተማ ሌላ ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝም እዚህ ላይ ነው፣ ዳሩ ላይ ያለነው ሰዎች ጉዳይ። መንቀጥቀጥ ከሩቅ ሲመጣ ፈጣን ፈጣኑ ንዝረት መንገድ ላይ ይሞታል፣ ቀስ ብሎ የሚያወዛውዘው ግን ይቀራል፣ እሱ ደግሞ የሚያገኘው ከፍ ያለ ህንጻን ነው። ለዛ ነው መሬት ላይ ያለው ሰው ምንም ሳይሰማው ፎቅ ላይ ያለው አምፖሉ ሲወዛወዝ የሚያየው። ሁለተኛው አፈሩ ነው። እንጦጦ ግርጌ ብዙ ቦታ አለት ቅርብ ነው፣ አቃቂ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቦሌ አራብሳ በኩል ግን ብዙው ቦታ ጥቁር መረሬ ነው፣ በክረምት የሚያብጥ በበጋ የሚሰነጠቅ። ለስላሳ አፈር ውስጥ የገባ ሞገድ ፍጥነቱ ይቀንስና ስፋቱ ይጨምራል፣ ስለዚህ ያው አንድ መንቀጥቀጥ አለት ላይ ካለ ቤት ይልቅ ጥልቅ ለስላሳ አፈር ላይ ያለ ቤትን አብዝቶ ይንጣል። በነገራችን ላይ በ2017 ብዙ ሰው ግድግዳዬ በመንቀጥቀጡ ተሰነጠቀ ብሎ ፎቶ ሲለጥፍ ነበር፣ ከነዛ ውስጥ መረሬው ራሱ በየዓመቱ ሲያብጥና ሲደርቅ የሰነጠቀው ብዙ እንደሚኖር እገምታለሁ፣ ብሎኬቱ ከኮለኑ፣ ከአርማታ ምሰሶው፣ ጋር የሚገናኝበት መስመር ላይ ያለ ቀጭን ስንጥቅ ብዙ ጊዜ ልስን ነው፣ ኮለኑ ወይ ቢሙ (አግድም የተዘረጋው የአርማታ ተሸካሚ) ራሱ አግድም ወይ በዲያጎናል ከተሰነጠቀ ግን መሐንዲስ ሳያየው ማደር የለበትም።

ህንጻን የሚያድነው ምንድነው ካላችሁ፣ አንድ ነገር ብቻ ቀረብ አድርጌ ላሳያችሁ፣ ስታፋ። ኮለን ውስጥ የቆሙት ወፋፍራም ፌሮዎች ዙሪያቸውን የሚታሰሩበት ቀጭን የብረት ቀለበት ነው። በሰላሙ ቀን ብዙ ስራ ያለው አይመስልም። ህንጻው ወደ ጎን ሲወዛወዝ ግን ከሁሉ በላይ የሚጨነቀው የኮለኑ ላይኛውና ታችኛው ጫፍ ነው፣ እዛ ጋ አርማታው ሊፈረካከስ ሲል ውስጡን ይዞ የሚያቆየው ስታፋው ነው፣ እሱ ከተፈታ ፌሮዎቹ ወደ ውጪ ይጎብጣሉ፣ ፎቁ በፎቁ ላይ ይቀመጣል፣ ቱርክ ላይ ያየነው ዓይነት። ስለዚህ ስታፋው መሀል ላይ በ20 ሴንቲሜትር ቢራራቅ ጫፎቹ ላይ ወደ 10 ሴንቲሜትር ገደማ መጠጋት አለበት፣ ጫፉም በ90 ዲግሪ ታጥፎ ዳር ላይ ከሚቀር በ135 ዲግሪ ወደ ውስጥ ታጥፎ ወደ አርማታው መሀል መግባት አለበት። ይሄን ለማድረግ የሚጨመረው ብረት ትንሽ ነው፣ የሚጨመረው ልፋት ነው፣ ፌሮ ሰራተኛው ሲቸኩል ወይ ፎርማኑ ካላየ መጀመሪያ የሚዘለለው እሱ ነው። እና ደግሞ ኮለንና ቢም የሚገናኙበት ቦታ ስታፋ ለማስገባት ስለማይመች ብዙ ጊዜ ጭራሽ ይረሳል፣ እዛ ጋ ነው ግን ከሁሉ የሚያስፈልገው።

ህጉ አለ። በ1987 ዓ.ም የወጣው የህንጻ ኮድ የመሬት መንቀጥቀጥን የሚመለከት ክፍል አለው፣ በ2007 ዓ.ም የወጣው ደግሞ አዲስ አበባን ከበፊቱ ከፍ ላለ ንዝረት እንድትዘጋጅ ያደርጋታል። የጎደለው ወረቀት አደለም፣ ወረቀቱ ላይ የተሳለው ስታፋ ሳይቱ ላይ መታሰሩን የሚያይ ዓይን ነው። ትልቅ ህንጻ አማካሪ መሐንዲስ አለው፣ ለገጣፎ፣ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ገላን ዳር ላይ ሰው በቁጠባውና በእቁብ ብር የሚሰራው ጂ ፕላስ 1 እና ጂ ፕላስ 2 ግን ብዙ ጊዜ በፎርማን እውቀት ብቻ ነው የሚቆመው። ምድር ቤቱን ለሱቅ ብሎ ግድግዳ ሳይኖረው በኮለን ብቻ ማቆም፣ ጣራ ላይ ውሃ የሞላ ትልቅ ሮቶ መስቀል፣ ያለ ኮለን በብሎኬት ብቻ ፎቅ መጨመር፣ ሦስቱም ህንጻው ሲወዛወዝ የሚያስከፍሉ ነገሮች ናቸው። ጤነኛ እንጨት ያለው ቀላል የጭቃ ቤት እንኳ ይወዛወዛል ይሰነጠቃል እንጂ እንደዛ ባንዴ አይናድም።

ሲንቀጠቀጥ ምን ይደረግ ለሚለው፣ ወደ ደረጃው አትሩጡ፣ ደረጃ ከህንጻው ደካማ ቦታዎች አንዱ ነው፣ ሊፍትም አትግቡ፣ ከመስታወትና ከቁም ሳጥን ርቃችሁ ጠንካራ ጠረጴዛ ስር ገብታችሁ ጭንቅላታችሁን ሸፍኑ፣ ካቆመ በኋላ ቀስ ብላችሁ ውረዱ። ነገ ማታ በዚህ ሰዓት ይመጣል የሚል መልዕክት ከደረሳችሁ ደግሞ ለማንም አታስተላልፉ፣ ቀንና ሰዓት ቆርጦ መንቀጥቀጥን የሚተነብይ ሰው በዓለም ላይ የለም፣ ጃፓንም የለም። የሚቻለው የት ቦታ እንደሚበዛ ማወቅ፣ ማግማ እየተንቀሳቀሰ መሆኑን በመሳሪያ መከታተል ነው፣ ይሄን ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የጂኦፊዚክስ ተቋም ለአስርት ዓመታት ሲሰራው የኖረው ስራ ነው፣ ወሬ ሲበዛባችሁ የነሱን መግለጫ ፈልጉ።

ዳባሁ ላይ ከመጀመሪያው ዳይክ በኋላ 13 ተከታትለው እንደገቡ ተናግሬያለሁ። ፈንታሌና ዶፈን ላይም አንዱ ስለገባ ተዘጋ ማለት አይቻልም፣ ፕሌቶቹ በዓመት 5 እና 6 ሚሊሜትራቸውን እየሄዱ ነው፣ በዚህ በኩል ደግሞ በየሳምንቱ አዲስ ኮለን እየቆመ ነው። ቤት እያሰራችሁ ያላችሁ፣ ወይ ዘመድ እያሰራ ከሆነ፣ መሰረት ሲቆፈር መረሬው ምን ያህል ጥልቀት እንዳለው አስመርምሩ። አርማታ ከሚሞላበት ቀን በፊት ባለው ቀን ሳይቱ ላይ ሂዱና የእያንዳንዱን ኮለን ላይና ታች፣ ከቢም ጋር የሚገናኝበትንም፣ ሜትር ዘርግታችሁ በስልክ ፎቶ አንሱ፣ ፎቶውን ለምታምኑት መሐንዲስ ላኩለት፣ ስታፋው ይጠጋ ካለ ይጠጋ፣ ሙሌቱ በአንድ ቀን ቢዘገይ ይዘግይ፣ ካርፔንተሩ ካሸገውና አርማታው ከፈሰሰ በኋላ ውስጡን ማየት አይቻልም።